ምዕራፍ ስድስት፦ በዋልት ዲዝኒ ወርልድ ስለሚለማመዱ ተማሪዎች

በሰሜን አሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ከኦርላንዶ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ቀድሞ ረግረግና ጫካ በነበረ ሜዳ ላይ፣ ስፋቱ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚልቅ አንድ የመዝናኛ ሥፍራ ተንጣሎ ይገኛል። ዋልት ዲዝኒ የተባለው ስመ ጥር የካርቱን ፊልም ሠሪ በ1955 (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድን ከከፈተ በኋላ፣ ከዚያ እጅግ የሚሰፋ ሌላ ሥፍራ ለማቋቋም አስቦ መሬቱን ሲያስገዛ ቆይቶ፣ ሐሳቡ ከፍጻሜ ሳይደርስ በዲሴምበር 1966 ዐረፈ፤ ታላቅ ወንድሙ ሮይ ዲዝኒ ግን የወንድሙን ውጥን ዳር ለማድረስ ስለ ቆረጠ፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ለሕዝብ ተከፈተ፤ ሮይም የሥራውን ፍሬ ካየ በኋላ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ተከተለው። ዛሬ በዚህ ሥፍራ አራት ታላላቅ ፓርኮችና ብዙ ሆቴሎች ያሉ ሲሆን፣ ከአራቱ ፓርኮች የበኵሩ ማጂክ ኪንግደም ብቻውን በ2023 ወደ 17 ሚሊዮን ከ700 ሺህ የሚጠጋ ጎብኚ እንዳስተናገደ ይገመታል። ይህን ሁሉ ሕዝብ ተቀብሎ፣ አብልቶ፣ አጫውቶ በሰላም የሚያሰናብተው ከ70 ሺህ በላይ የሆነ ሠራዊተ ሠራተኛ ነው፤ ከእነዚህም መካከል ብዙ ሺህ የሚሆኑት ከየኮሌጁና ከየዩኒቨርሲቲው ለጥቂት ወራት የመጡ ተማሪዎች ናቸው። የሚመጡበት መንገድ ዲዝኒ ኮሌጅ ፕሮግራም ይባላል።

ስለዚህ ፕሮግራም የሚነገረው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። ኩባንያው በሚያወጣው ማስታወቂያ ላይ የሚታዩት ወጣቶች ሁሉ የሕፃንነት ምኞታቸው የሰመረላቸው፣ ፊታቸው የበራ፣ ድካም የሚባል ነገር ያልነካቸው ናቸው፤ በአንጻሩ ስለ ሠራተኛ መብት የሚሟገቱ ሰዎች ነገሩን የሚያዩት በትምህርት ስም የተሸፈነ ርካሽ የጉልበት ግዢ አድርገው ነው። እኔ ጉዳዩን በመረመርሁት መጠን፣ ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ፤ ነገር ግን የሁለቱም ንግግር አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ይኸውም በዚያ ሥፍራ የሚገኘው ትምህርት ምን እንደ ሆነ ለይቶ መናገር ነው። ተማሪው እዚያ ሄዶ የሚማረው የንግድ አስተዳደር ወይም የሆቴል ሞያ አይደለም፤ የሚማረው፣ ራሱ ደክሞት ሳለ፣ ከዚያች ቅጽበት በኋላ ዳግመኛ ለማያየው ባዕድ ሰው ሙሉ ልቡናውን መስጠት ነው። ይህ ደግሞ ሐኪሙም፣ ዳኛውም፣ መምህሩም፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊውም ዕድሜ ልኩን የሚያስፈልገው፣ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ግን የማይሰጥ ትምህርት ስለ ሆነ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ ደግሞ ሒሳቡ አስቀድሞ መታወቅ ይገባዋል።

ትምህርትንና ሥራን ማፈራረቅ በአሜሪካ የቆየ ሐሳብ ነው። በ1906 በኦሃዮ ግዛት፣ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ሄርማን ሽናይደር የተባለው የምህንድስና ሊቅ ተማሪዎቹ ከክፍል ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካም ወደ ክፍል እየተመላለሱ እንዲማሩ ሥርዓት አወጣ፤ ከዚህ ሥርዓትና ወጣት ሐኪሞች በሆስፒታል ከሚያደርጉት ልምምድ በኋላ ዛሬ ኢንተርንሺፕ እየተባለ የሚጠራው ልማድ በየሞያው ተስፋፋ። ዲዝኒ ወርልድም ሁለተኛው ፓርክ ኤፕኮት በ1982 ከተከፈተበት ዘመን ጋር ተቀራራቢ በሆነ ጊዜ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ተማሪዎችን በዚህ መንገድ መቀበል ጀመረ። የኩባንያው ጥቅም ምን እንደ ሆነ ለመገመት አያዳግትም፦ ጎብኚ በሚበዛበት ወራት የሚበዙ፣ በሚያንስበት ጊዜ ዘመናቸውን ጨርሰው የሚሄዱ፣ ወጣትነትና ትኩስ ፍቅር ያላቸው ሠራተኞች በየጊዜው ያገኛል።

ለዚህ ፕሮግራም የሚያመለክት ሰው ቢያንስ 18 ዓመት የሞላው፣ በአሜሪካ ዕውቅና ባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተመዝግቦ የሚማር ወይም ከዚያ በቅርቡ የተመረቀ፣ በአሜሪካም ለመሥራት በሕግ የተፈቀደለት መሆን ይኖርበታል። ቆይታው አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ወር የሚደርስ ሲሆን፣ አንዱ ወገን በበጋቸው መጨረሻ፣ ሌላው ወገን ከአዲሱ ዓመታቸው በኋላ ይገባል። ማመልከቻው የሚቀርበው በኢንተርኔት ነው፤ አመልካቹም ከቀረቡለት የሥራ ዓይነቶች መካከል፣ ማለት በመጫወቻዎች ላይ ሰው ማሳፈር፣ ምግብ ማቅረብ፣ ዕቃ መሸጥ፣ ጽዳት መጠበቅ፣ በመዋኛ ሥፍራ ነፍስ አድን መሆን፣ በሆቴል እንግዳ መቀበል፣ የተረት ገጸ ባሕርያትን ልብስ ለብሶ መታየትና እነዚህን የመሳሰሉትን፣ የትኛውን በጣም እንደሚወድ፣ የትኛውን ደግሞ እንደማይፈልግ አንድ በአንድ ያመለክታል።

እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማሰብ ያሻል። ብዙ ወጣቶች የማይፈልጉትን ሥራ ካመለከቱ ዕድላቸው የሚጠብ ስለሚመስላቸው ሁሉንም በጣም እወዳለሁ ብለው ይሞላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ አንድ ሥራ ብቻ መርጠው የቀረውን ሁሉ ይዘጋሉ። የፊተኛው ሰው ሙቀት የማይችል ሆኖ ሳለ ስድስት ወር ሙሉ በምጣድ አጠገብ ሊቆም ይችላል፤ የኋለኛው ሰው ደግሞ ያ አንድ ሥራ ክፍት ቦታ ከሌለው ሌላ የሚታይበት በር አይኖረውም። ይልቅስ አመልካቹ ለሰውነቱም ለጠባዩም የሚስማማውን በቅንነት መርምሮ፣ በሦስት ወይም በአራት ሥራዎች ላይ እውነተኛ ፈቃደኝነት ቢያሳይ የተሻለ ነው። በተለይ የጽዳት ሥራ ከክብር በታች ነው ተብሎ እንዳይናቅ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ፊት እገልጻለሁ።

ከማመልከቻው ቀጥሎ የሚመጡት ጥያቄዎች ዕውቀትን የሚፈትኑ አይደሉም፤ ጠባይን የሚፈትኑ ናቸው። የተቆጣ ሰው ሲገጥምህ ምን ታደርጋለህ? ባልደረባህ ሥራውን ባይሠራ ምን ትላለህ? በዓል በሆነ ቀን፣ ቤተ ሰብህ ተሰብስቦ ሳለ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ብትሠራ ይከፋሃል ወይ? በእነዚህ ላይ የተሸመደደ መልስ የሚሰጥ ሰው ወዲያው ይታወቅበታል። ጠያቂው ሊሰማ የሚፈልገው በእውነት የደረሰ፣ ትንሽ ቢሆንም በዝርዝር ሊነገር የሚችል ነገር ነው።

በዚህ ነጥብ በአሜሪካ ተወልደው ስላደጉ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንድ ነገር ለመናገር እፈቅዳለሁ። በዋሽንግተን ከተማ አካባቢ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድርያ ከአባቱ የእንጀራና የቅመማ ቅመም ሱቅ ገበታ ኋላ ቆሞ ያደገ ልጅ፣ ወይም ለእናቷ እንግዶች ቡና እስከ ሦስተኛው ድረስ ስታቀርብ፣ ማን ስኳር እንደሚያበዛ፣ ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ ለይታ ያወቀች ልጅ፣ በዚህ ፕሮግራም የሚፈለገውን ችሎታ ገና በአሥር ዓመት ዕድሜ ጀምራዋለች። ነገር ግን ይህ በቤት የተሠራ ስለ ሆነ ሥራ አይባልም ብለው በማመልከቻቸው ላይ ሳያነሱት ይቀራሉ። ደግሞም በታላቅ ፊት ዓይንን ዝቅ ማድረግና ድምፅን ማለዘብ በእኛ ዘንድ የጨዋ ልጅ ምልክት ሲሆን፣ ለዚያ አገር ጠያቂ ግን ግድ የለሽነት መስሎ ሊታየው ስለሚችል፣ ልጁ ትሕትናውን ሳይተው ቀና ብሎ በሙሉ ድምፅ መናገርን አስቀድሞ ሊለማመድ ይገባል።

በተማሪነት ቪዛ ከአገር ቤት የሄደ ሰው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለበት። ከትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ የልምምድ ፈቃዱን በጽሑፍ ሳያገኝ አንድ ቀን እንኳ ቢሠራ የመኖሪያ መብቱን ሊያጣ ይችላል፤ ፈቃዱም የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ከተማረ በኋላና ልምምዱ ከትምህርቱ ጋር ተያያዥ ሆኖ ሲገኝ ነው።

ተቀብለንሃል የሚለው ደብዳቤ በደረሰ ጊዜ ደስታው ሒሳቡን እንዳያስረሳ ያስፈልጋል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ልምምዱን እንደ አንድ የትምህርት ክፍል ቆጥረው ነጥብ ይሰጡበታል፤ አንዳንዶቹ ግን ተማሪው ያን ጊዜ ትምህርቱን እንዳቋረጠ ይቆጥሩታል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ብድር የወሰደ ተማሪ ምዝገባው ከግማሽ ጊዜ በታች ከወረደ፣ ብድሩን መክፈል እስኪጀምር ያለው የስድስት ወር የእፎይታ ጊዜ ከዚያን ቀን ጀምሮ መቆጠር ይጀምራል፤ የልምምዱም ዘመን ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ስለ ሆነ፣ ልጁ ከፍሎሪዳ ሲመለስ የመጀመሪያውን የክፍያ ጥያቄ በፖስታ ሣጥኑ ሊያገኝ ይችላል። ስኮላርሺፕም እንዲሁ በተከታታይ መመዝገብን የሚጠይቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተማሪው እሺታውን ከመስጠቱ በፊት የትምህርት ቤቱን ሬጅስትራርና የገንዘብ ርዳታ ክፍሉን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይያዝ። ወላጆችም ልጃችን ትምህርቱን ትቶ ለዲዝኒው አይጥ፣ ለሚኪ ምስል ሊያገለግል ሄደ ብለው ከመበሳጨት ይልቅ፣ ይህን ወረቀት አሳየን ብለው ቢጠይቁት በእርግጥ ይረዱታል።

ተለማማጆቹ የሚኖሩት ከ2021 ወዲህ ፍላሚንጎ ክሮሲንግስ በሚባል፣ ከ10 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ ታስቦ በተሠራ መንደር ነው። ቤቶቹ ወጥ ቤትና ሳሎን ያላቸው፣ መኝታቸው የጋራ የሆነ አፓርታማዎች ናቸው፤ ወደ ሥራ የሚያመላልሳቸው አውቶቡስ አለ። ኪራዩ ገና ደመወዙ ከተለማማጁ እጅ ሳይገባ በየሳምንቱ ይቆረጣል። ጾመኛ የሆነ ልጅ ዐቢይ ጾም በሥራ ዘመኑ ላይ ቢውልበት የራሱን ምስር ቀቅሎ በዕቃ ይዞ መሄድ ይችላል፤ ስለ ጋራ ማቀዝቀዣው ግን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር በመጀመሪያው ሳምንት መነጋገር አለበት፤ በእንዲህ ዓይነት መንደር ውስጥ ከሚነሣው ጠብ ብዙው የሚጀመረው በማቀዝቀዣ ነውና።

ማንም ሰው ወደ ሥራው ከመሠማራቱ በፊት ትራዲሽንስ የሚባለውን የመግቢያ ትምህርት ይወስዳል። ይህን ትምህርት የሚሰጠው ክፍል ዲዝኒ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ መሠረቱን የጣለው ቫን ፍራንስ የተባለ ሰው በ1955 ዲዝኒላንድ ሊከፈት ሲል ነው። ፍራንስ የተጣለበት ዕዳ ከየሥራው የተሰበሰበውን፣ በዚህ ዓይነት ሥፍራ ሠርቶ የማያውቀውን ሰው ሁሉ በጥቂት ቀን ውስጥ አንድ ልብ ማድረግ ነበር፤ እርሱም ለእያንዳንዱ የእጁን ሥራ ብቻ ከማስተማር ይልቅ፣ መኪና የሚያስቆመውም ሳንቲም የሚቀበለውም ሁሉ አንድ ሥራ፣ ማለት ሰውን ማስደሰት፣ እንደሚሠራ በማሳመን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሥፍራው የሚተዳደረው በቲያትር ቤት ሥርዓት ነው፤ ሠራተኛው ተዋናይ፣ ጎብኚው እንግዳ፣ የደንብ ልብሱ አልባስ፣ ሕዝብ የሚያየው ቦታ መድረክ፣ ሠራተኛ የሚያርፍበት ደግሞ ከመድረክ በስተጀርባ ነው። በደረት ላይ የሚለጠፈው ምልክት የመጀመሪያውን ስም ብቻ የያዘ ሲሆን ሥራ አስኪያጁም ጠራጊውም የሚጠሩት በዚሁ ነው፤ ከስሙ በታች የመጣበት ከተማ ወይም የሚማርበት ትምህርት ቤት ይጻፋል፤ ይህችም ትንሽ ጽሕፈት እንግዳውና አስተናጋጁ ንግግር የሚጀምሩባት መነሻ ናት።

መድረኩን ከጀርባው የመለየቱ ነገር በማጂክ ኪንግደም በድንጋይና በሲሚንቶ ተሠርቶ ይታያል። ጎብኚው መሬት ነው ብሎ የሚረግጠው አብዛኛው የፓርኩ ክፍል በእውነቱ ሁለተኛ ፎቅ ነው። የፍሎሪዳ የከርሰ ምድር ውሃ ለላይኛው አፈር እጅግ የቀረበ ስለ ሆነ ወደ ታች መቆፈር አልተቻለም፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ የሠራተኛውን መተላለፊያ በምድሩ ፊት ላይ ገንብተው፣ ከፓርኩ ፊት ለፊት ያለውን ሐይቅ ሲቆፍሩ በወጣው አፈር ከሸፈኑት በኋላ ፓርኩን በላዩ አቆሙት። ለዚህ ያነሣሣቸው፣ ዋልት ዲዝኒ በካሊፎርኒያ የከብት ጠባቂ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ የወደ ፊቱን ዘመን በሚያሳየው ክፍል መካከል አቋርጦ ሲሄድ አይቶ ቅር ስላለው ነው ይባላል። ዛሬ በዚያ መተላለፊያ ተለማማጁ ምሳውን ይበላል፣ ልብሱን ይለውጣል፣ በላይ ያለው ሕዝብ ሳያየው ከአንዱ የፓርክ ዳር ወደ ሌላው ይደርሳል፤ ከራሱ በላይ ባለው ቧንቧም የፓርኩ ቆሻሻ በአየር ግፊት እየተሳበ በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ያልፋል።

በመግቢያው ትምህርት ከሚሰጠው ሁሉ ዋነኛው አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል መያዝ ነው፦ በመጀመሪያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ መልካም አቀባበል፣ ቀጥሎ ትርኢት፣ በመጨረሻ ቅልጥፍና፤ በቅርቡም ሰውን ሁሉ ያለ ልዩነት ማቀፍ የሚል አምስተኛ ተጨምሮባቸዋል። የዚህ ትምህርት ኀይሉ በዝርዝሩ ላይ አይደለም፣ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በንግድ ሥራ ቅልጥፍና መጨረሻ ላይ ሲቀመጥ ማየት እንግዳ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሁለት ግዴታዎች በተጋጩ ጊዜ የሃያ ዓመት ልጅ አለቃውን ሳይጠብቅ የሚወስነው በዚህ ተራ ነው።

ስፔስ ማውንቴን የሚባለውን፣ በ1975 የተከፈተውንና በጨለማ የሚበረውን መጫወቻ እንውሰድ። በዚህ መጫወቻ ለመሳፈር ቁመት ቢያንስ 112 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። አንድ አባት ከሕፃን ልጁ ጋር አንድ ሰዓት ተሰልፎ ሲደርስ፣ ተለማማጇ ልጁን ከመለኪያው እንጨት አጠገብ ስታቆመው በጣት ውፍረት ያንሳል። ልጁ በእግሩ ጣት ይቆማል፤ አባቱ ከሩቅ አገር እንደ መጡ፣ የመጨረሻ ቀናቸው እንደ ሆነ፣ ኀላፊነቱን ራሱ እንደሚወስድ ይናገራል፤ ከኋላ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል። ቅልጥፍና ልጁን አሳልፈሽ ሰልፉን አንቀሳቅሺ ይላታል፤ መልካም አቀባበልም አታሳዝኚው ይላታል፤ ደኅንነት ግን ከሁሉ በፊት ተቀምጧልና፣ አይሆንም ማለት አለባት። ይህን ማለት ማንም ይችላል፤ ሞያው የሚታየው በአባባሏ ነው። በርከክ ብላ ዓይኗን ከልጁ ዓይን ጋር እኩል አድርጋ፣ ሕጉ የወጣው ስለ እርሱ ደኅንነት መሆኑን በጥቂት ቃል ትነግረዋለች፤ ቀና ብላ ለአባቱ፣ ወላጆች በየተራ ሲሳፈሩ አንዱ ከልጁ ጋር የሚቆይበት፣ ሁለተኛውም እንደገና ረጅሙን ሰልፍ የማይሰለፍበት ደንብ እንዳለ ታስረዳዋለች፤ ልጁ አሁኑኑ ሊሳፈርበት የሚችለውንም ሌላ መጫወቻ በእጇ ታሳያለች፣ በአንድ ጣት ሳይሆን፣ በአንድ ጣት መጠቆም በብዙ አገር ሰዎች ዘንድ ነውር ስለ ሆነ፣ በሁለት ጣት ወይም በሙሉ መዳፏ። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም። በዚያ ቀን ይህንኑ አሥር ጊዜ ብታደርገው፣ አሥረኛው ልጅ የመጀመሪያው ያገኘውን ያህል ማግኘት አለበት፤ አስቸጋሪው ትምህርት ይህ ነው።

ወደ ጽዳት ሥራ ልመለስ። በገዳም በአመክሮ ላይ ያለ ረድእ ውሃ በመቅዳትና እንጨት በመልቀም ከሌሎቹ መነኮሳት ይልቅ ገዳሙን ፈጥኖ እንደሚያውቀው፣ መጥረጊያና መቀበያ ይዞ በፓርኩ የሚዞር ተለማማጅም ሥፍራውን ከሁሉ የበለጠ ያውቀዋል። በመጫወቻ ላይ የቆመው ከቦታው አይነቃነቅም፣ ሻጩም ከገበታው አይወጣም፤ ጠራጊው ግን በሕዝቡ መካከል ነውና መንገድ የጠፋበት፣ ልጅ የጠፋበት፣ እግሩን ያመመው፣ መታጠቢያ ቤት የሚፈልግ ሁሉ የሚጠይቀው እርሱን ነው። ከጠራጊዎቹ አንዳንዶቹ መጥረጊያቸውን በውሃ ነክረው በንጣፉ ድንጋይ ላይ የሚኪን ምስል ይሥሉና ሕፃናት ይከቧቸዋል፤ ሥዕሉ በፍሎሪዳ ፀሐይ በጥቂት ደቂቃ ይደርቃል።

በኩባንያው የሥልጠና ትምህርት ላይ ሲነገር የኖረ አንድ ጥያቄ አለ። በማጂክ ኪንግደም ለብዙ ዓመታት፣ በአገሩ አቆጣጠር ከቀኑ በሦስት ሰዓት፣ በእኛ አነጋገር በዘጠኝ ሰዓት፣ የሙዚቃና የሠረገላ ሰልፍ ይደረግ ነበር፤ እንግዶችም ወደ ጠራጊው ቀርበው፣ «የዘጠኝ ሰዓቱ ሰልፍ በስንት ሰዓት ነው?» ብለው ይጠይቁታል። ችኩል ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል ወይም «በዘጠኝ ሰዓት ነዋ!» ብሎ ይመልሳል። የሠለጠነው ተለማማጅ ግን ጠያቂዋ እናት ልትል የፈለገችው ሌላ እንደ ሆነ ያስተውላል፤ ሰልፉ ከአንድ ዳር ተነሥቶ ፓርኩን አቋርጦ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ እኔ በቆምሁበት በዚህ ቦታ የሚያልፈው መቼ ነው? ልጄን ይዤ የት ብቆም ጥላ አገኛለሁ? ማለቷ ነው። ስለዚህ «እዚህ የሚደርሰው ከዘጠኝ ሰዓት ከሃያ በኋላ ነው፣ እመቤቴ፤ ከዚያ ዛፍ ሥር ቢቆሙ ፀሐይ አያገኛችሁም፣ ልጅዎም ከፊት ሆኖ ያያል» ብሎ ይመልስላታል። ይህ ነገር በመሥሪያ ቤቶቻችን መስኮት ኋላ ለሚቀመጥ ሰው ሁሉ ቢነገር ደስ ይለኛል፤ ወረቀት ይዞ ወደ መስኮቱ የሚመጣው ባለጉዳይ ሊጠይቅ የሚፈልገውን በትክክል የሚጠይቅበት ጊዜ ጥቂት ነውና።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አይገኝም። ከጁን እስከ ኖቬምበር የሚቆየው የአውሎ ነፋስ ወራት፣ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው የመብረቅ ዝናብ፣ ከመብረቁም በፊት ያለው እርጥብ ሙቀት ሰውነትን ያዝላል፤ መብረቅ በቀረበ ጊዜ የውጭ መጫወቻዎች ስለሚዘጉ፣ ተስፋ የቆረጠውን ሕዝብ ቆሞ የሚያረጋጋው ያው ተለማማጅ ነው። ከአካሉ ድካም ይልቅ ግን የፊቱ ድካም ይከብዳል። አርሊ ሆክሽልድ የተባለችው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ የአውሮፕላን አስተናጋጆችን ኑሮ መርምራ፣ ስሜትን ለአሠሪ ፈቃድ ማስገዛት ራሱን የቻለ፣ ደመወዝ የሚከፈልበት የጉልበት ዓይነት መሆኑን አስረዳች፤ በወጣትነቱ በዲዝኒላንድ የሠራው ጆን ቫን ማነንም በ1991 በጻፈው ጥናት ያን ሥፍራ የፈገግታ ፋብሪካ ብሎ ጠራው። ስምንት ሰዓት ሙሉ ፈገግ ያለች ልጅ ማታ ወደ መኖሪያዋ ስትመለስ ከማንም ጋር መነጋገር ባትፈልግ ጤናዋ ጎድሎ አይደለም፤ ሥራ ውላ ነው። ስለዚህ በሳምንት ውስጥ የምታርፍበትን ቀን ወደዚያው ፓርክ ተመልሳ በመዞር ብቻ እንዳትጨርሰው፣ ዝምታ ያለበት ሥፍራ እንድትፈልግ፣ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ከሆነች በኦርላንዶ አካባቢ ያሉትን ምእመናን እንድትጠይቅ እመክራታለሁ።

ስለ ደመወዙም ግልጽ ቃል ያስፈልጋል። ሮስ ፐርሊን በ2011 ስለ ኢንተርንሺፕ ባሳተመው መጽሐፍ ነቀፋውን የጀመረው ከዚህ ከዲዝኒ ፕሮግራም ነው፤ ክርክሩም ተማሪዎቹ የሚሠሩት ቋሚ ሠራተኛ የሚሠራውን ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ተማሪ በመባላቸው ቋሚው ሠራተኛ የሚያገኘውን መብትና ጥቅም አያገኙም የሚል ነው። ይህ ነቀፋ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። አንድ ኩባንያ መጥረግንም ማሳፈርንም ትምህርት ብሎ ሲጠራ፣ በዚያ ስም የሚያተርፈውን ያህል የማስተማር ግዴታም ይጣልበታል፤ የዕለት ሥራ አሰጣጡ ግን ለትምህርቱ እምብዛም ጊዜ አይተውም። ሌላው ምስክር በማርች 2020 የሆነው ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ፓርኮቹ ተዘጉ፣ ፕሮግራሙም ተቋረጠ፤ ከየግዛቱ የመጡት ወጣቶች በጥቂት ቀናት ውስጥ መኖሪያቸውን ለቀው እንዲሄዱ ታዘዙ፤ እንደገና መምጣት የተጀመረው በ2021 ነው። በሌላ በኩል የፍሎሪዳ ሕዝብ በኖቬምበር 2020 በሰጠው ድምፅ የግዛቱ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ በየዓመቱ እያደገ በ2026 ወደ 15 ዶላር እንዲደርስ ስለ ወሰነ፣ የዛሬው ተለማማጅ ከቀድሞዎቹ የተሻለ ያገኛል። ቢሆንም ኪራዩን፣ ግብሩንና ምግቡን ሲቀንስ የሚተርፈው ጥቂት ነውና፣ ገንዘብ ለማጠራቀም ብሎ የሚሄድ ሰው ሌላ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ከውጭ አገር በቀጥታ የሚመጡ ወጣቶችም እንዳሉ በአጭሩ ልጥቀስ። በኤፕኮት ውስጥ የ11 አገሮችን ባህል የሚያሳዩ ክፍሎች ሲኖሩ፣ በእነዚህ የሚያገለግሉት ብዙዎቹ የየአገሮቹ ተወላጆች ናቸው፤ የሚገቡትም በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ በተመሠረተው፣ እስከ 15 ወር በሚያቆየው የባህል ልውውጥ ቪዛ ነው። ከ11ዱ መካከል ኢትዮጵያ ስለሌለች፣ የእኛ ልጆች በር አስቀድሞ የተናገርሁት የተማሪዎቹ በር ነው።

አሁን የቀረው ወራቱን እንዴት መጠቀም እንደሚገባ ነው። በኩባንያው ውስጥ ከዚህ ከፍ ያለ፣ ፕሮፌሽናል ኢንተርንሺፕ የሚባል ሌላ ደረጃ አለ፤ የምህንድስና፣ የሒሳብ፣ የእንስሳት እንክብካቤ፣ የሕዝብ ግንኙነትና የሌሎችም ሞያዎች ልምምድ የሚገኘው በዚያ ነው። ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ስለ ሆነ፣ ስሙን ማንም ያላወቀው ተማሪ በማመልከቻ ብዛት ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ስለዚህ ምህንድስና የሚያጠናው ልጅ መጫወቻው በተበላሸ ጊዜ ከጥገና ሠራተኞቹ ጋር ቆሞ እንዲመለከት አለቃውን ያስፈቅድ፤ ሒሳብ የምታጠናው ልጅ በዕረፍት ቀኗ ለአንድ ሰዓት ከሒሳብ ክፍሉ ሰው ጋር እንድትቀመጥ ትጠይቅ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ብዙ አለቆች በደስታ ይቀበሉታል፤ የሚጠይቃቸው ግን ጥቂት ነው። ጥያቄውም ከሁለተኛው ወር ባይዘገይ ይመረጣል፤ ተለማማጁ ሥራውን እስኪለምድ አንድ ወር ያስፈልገዋል፣ የመጨረሻው ወር ደግሞ ለስንብትና ለጓዝ ማሰሪያ ይሄዳል፣ የምስክር ደብዳቤ የሚጽፍለትም አለቃ ወደ ሌላ ክፍል ከመዛወሩ በፊት ሥራውን በቅርብ ሊያየው የሚችለው በመካከል ባሉት ከሦስት እስከ አምስት በሚደርሱ ወራት ብቻ ነው።